መጥረጊያ ይዞ የገባው ተማሪ

የመታሰቢያ መጽሔታችን አዘጋጆች ሕይወቱ ያስተማረንን አንድ ሰው መርጠን እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ ብዙዎቻችሁ ከአርሲ ምድር የወጡትን ሯጮች እንደምትመርጡ ገመትኩ። ኃይሌና ደራርቱ እያሉ ሌላ ሰው ፍለጋ መሄድ ያስቀይም ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የተቀበረ አንድ አብራሪ ነው፤ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን። ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአሰላ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር እኔው ነኝ።

ምክንያቱን ልናገር። ባለፈው የመገናኛ በዓላችን፣ ሻይ ይዘን ግቢው ውስጥ ቆመን ስንጨዋወት፣ የአብራሪነት ትምህርቴ ምን ላይ እንደደረሰ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ዓይኔ ነው፣ የሕክምና ምርመራውን አላለፍኩም አልኳችሁ። አዘናችሁልኝ፤ አንዳንዶቻችሁም የዓይን ሐኪም ጠቆማችሁኝ። ውሸት ነበር። ዓይኔ ደህና ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ የጭላሎን ጫፍ አጥርቼ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ሰው ታሪክ በኩል ብመጣ ይቀለኛል። የባሕር ማዶውን ዘመን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሮቢንሰን የተወለደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ወደ ገልፍፖርት ሄደች፤ እዚያም አንድ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ አገባች። ልጁን ያሳደገው ይኸው እንጀራ አባቱ ነው። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያየበት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ የባቡር ፉርጎው ለብቻ፣ የውኃ መጠጫው ሳይቀር ለብቻ። አውሮፕላን ራሱ፣ የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ካበረሩት ወዲህ፣ ገና የልጅ ዕድሜ ነበረው። በዚያ አገር አንድ ጥቁር ልጅ አብራሪ እሆናለሁ ቢል ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

ቤተሰቡ እንደምንም ብሎ ቱስኬጊ ኢንስቲትዩት ላከው። ቱስኬጊ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1881 ጀምሮ የመራው፣ ጥቁሮች ሙያ የሚማሩበት ትልቅ ተቋም ነው። ሮቢንሰን የመኪና ጥገና ተማረና እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ። የአውሮፕላን ትምህርት ግን እዚያ አልነበረም። ወደ ሰሜን ተጉዞ ቺካጎ ገባ፤ የመኪና ጋራዥም ከፈተ። እጁ የተፈታ መካኒክ ነበር። ገበያው ደህና፣ ኑሮው ደህና። ነገር ግን ልቡ ሰማይ ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ ይለኛል። አባቴ በአጨዳ ወቅት ከሁሩታ እስከ ቦቆጂ እየዞረ ኮምባይነር ይጠግን ነበር። እኔ ብሎንና መፍቻ እያቀበልኩ፣ እሱ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ከማሽኑ ሥር ተኝቶ እየታገለ፣ አንዳንዴ ከጭላሎ በላይ አንድ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየሳበ ያልፋል። ሁለታችንም ቀና ብለን እስኪጠፋ እናየዋለን። አባቴ ምንም አይልም፤ መፍቻውን ይጠይቀኛል። የበረራ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ ብዬ ስነግረው ግን፣ ከማሽኑ ሥር ወጥቶ እጁን ሳይጠርግ ነው ያቀፈኝ። ሸሚዜ ላይ የቀረውን የግራሶ እድፍ እናቴ አጥባ አጥባ አልለቅ አላት።

ወደ ሮቢንሰን ልመለስ። ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። አመለከተ፤ ጥቁር ስለሆነ አልተቀበሉትም። ታዲያ ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ያዘ። የራሱ ጋራዥ ያለው፣ የተመረቀ መካኒክ፣ መጥረጊያ ይዞ ገባ። ወለሉን እየጠረገ መምህሩ የሚያስተምረውን ይሰማል። ከተማሪዎቹ ማንም ልብ አይለውም፤ መጥረጊያ የያዘ ሰው በየትም አገር የማይታይ ሰው ነውና።

በዚያው ጊዜ ኮርኒሊየስ ኮፊ ከሚባል መካኒክ ጓደኛውና ከሌሎች ጥቁር ወጣቶች ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በእጃቸው ገጣጠሙ። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ሥራቸውን አይቶ ተደነቀ፤ ቆመላቸውም። በመጨረሻ ሮቢንሰንና ኮፊ በተማሪነት ተመዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ጨረሱ። ከዚያም ያው በሩን ዘግቶባቸው የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት ጠየቃቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች የአብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ነጮቹ በሚጠቀሙበት ሜዳ ማረፍ ስላልተፈቀደላቸውም ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው የጥቁሮች ከተማ በሮቢንስ የራሳቸውን ማኮብኮቢያ አዘጋጁ። ማዕበል አውሮፕላን ማቆሚያውን ሲያፈርስባቸው ሌላ ሜዳ ፈልገው ቀጠሉ። ሴቶችንም ወንዶችንም አስተማሩ።

ይህ ሰው የተማረውና ያስተማረው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ፤ የእኔም ጉዳይ ያለው እዚሁ ላይ ነውና። መብረር ውስብስብ ቢመስልም መነሻው አራት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ በአንድ ከፍታ ቀጥ ብሎ መብረር፣ መውጣት፣ መውረድ እና መዞር። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ መነሳቱም ማረፉም፣ የእነዚህ የአራቱ ቅልቅል ነው። ሮቢንሰን በቺካጎ ሜዳ የጀመረው በእነዚህ ነው፤ የእኛም አሠልጣኞች የጀመሩት በእነዚህ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት እጅና ሁለት እግር በቂ ነው። መሪውን ወደ ራስህ ስትስብ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ስትገፋ ያጎነብሳል። ወደ ጎን ስታዞረው ክንፉ ያዘነብላል። እግርህ ሥር ያሉት ፔዳሎች ጭራው ላይ ያለውን መሪ ያንቀሳቅሳሉ። ሌላው እጅህ የሞተሩን ኃይል ይዟል።

ቀጥ ብሎ መብረር ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። ግን ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ላብ የሚጠመቀው። አፍንጫው ትንሽ ቀና ሲል ትገፋለህ፣ በጣም ትገፋና ታጎነብሳለህ፣ ደግሞ ትስባለህ። አሠልጣኞች የሚነግሩን መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ይዘን አድማሱን እንድንመለከት ነበር። መውጣት ላይ ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫው ወደ ግራ ይሳባል፤ በቀኝ እግር መያዝ ያስፈልጋል።

መዞር ደግሞ ፈረስ ለሚያውቅ የአርሲ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጋልብ ፈረስ ሲታጠፍ ወደሚታጠፍበት ያጋድላል፤ አውሮፕላንም እንደዚሁ። ልዩነቱ፣ ክንፉ ሲያዘነብል ወደ ላይ ይሸከም የነበረው ኃይል በከፊል ወደ ጎን ይሄዳል፤ ስለዚህ ከፍታ እንዳይቀንስ መሪውን ሳብ ማድረግ ያሻል። ሳብ ባደረግህ ቁጥር ደግሞ ክንፉ የበለጠ ይሸከማል። ከፍታ ሳይቀንሱ 60 ዲግሪ አዘንብሎ በመዞር ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት ሁለት እጥፍ ይሸከማል፤ መሸከም የሚያቅተው ፍጥነትም ወደ 40 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል።

መሸከም ሲያቅተው ስቶል ይባላል። ስሙን የሰማ ሞተር የጠፋ ይመስለዋል፤ አይደለም። ክንፉ አየሩን በጣም ቀና ብሎ ሲገጥመው አየሩ በላዩ ተንሸራትቶ መሄዱን ትቶ ይበታተናል፤ ያኔ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ተማሪ ይህን ሆን ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ ደጋግሞ ይለማመደዋል። መፍትሔው ከተፈጥሮ ደመ ነፍስ ጋር ይጋጫል። እየወደቅህ ሳለ መሪውን ወደ ራስህ መሳብ ያምርሃል፤ ማድረግ ያለብህ ግን መግፋት ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ አየሩ ክንፉ ላይ እንዲመለስ። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ቢወድቅም በመሪው ላነሳው ብትል ይብሳል፤ ምክንያቱም የወደቀው ክንፍ ጫፍ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ወደ ታች ሲታጠፍ ያንኑ የደከመ ክንፍ ይበልጥ ያደክመዋል። አቅጣጫን በእግር ይዞ፣ መጀመሪያ ክንፉን ከስቶል ማውጣት፣ ከዚያ ማስተካከል ነው።

ይህን አሁን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም ነበር።

አሠልጣኜ ከበረራ በፊት ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ገባህ ወይ ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አብረውኝ የሚማሩት አንዳንዶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የበረራ ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ይፈስሳል። እኔ ከገጠር የመጣ የመካኒክ ልጅ ነኝ። አልገባኝም ካልኩ ቦታዬን የማጣ መሰለኝ። አየር ላይ ሴስናዋ ስቶል ስትገባ ግራ ክንፏ ወደቀ፤ እኔም መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ይባስ ብላ ተገለበጠች፤ አሠልጣኙ ነጥቆኝ አስተካከላት። መሬት ወርደን እንደገና አስረዳኝ። እንደገና ራሴን ነቀነቅኩ። በሚቀጥለው በረራም ያንኑ ደገምኩ። በሦስተኛው አሠልጣኙ ምን እንዳልገባኝ በእርጋታ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሁሉም ገብቶኛል፣ ደክሞኝ ነው አልኩት። ያኔ የበረርኩት በድምሩ 11 ሰዓት ነበር። ማታውን ሻንጣዬን አሰርኩና በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። ማንም አላባረረኝም። ያባረረኝ አለማወቄ አይደለም፤ አለማወቄን መደበቄ ነው።

አሰላ መመለስ አፍሬ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀመጥኩ። ቀን ቀን ሥራ ያለኝ ለመምሰል ከቤት እወጣለሁ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ግቢ ውስጥ በጆን ሮቢንሰን ስም የተሰየመ የአሜሪካ ማዕከል አለ። መቀመጫ ፍለጋ ገባሁ፤ ስሙ የማን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁና ማንበብ ጀመርኩ። የጽዳት ሥራው ታሪክ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ። እሱ ቢባረርም ሊማር መጥረጊያ ይዞ ገባ፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተሰጥቶኝ፣ ሰሌዳ ተሥሎልኝ፣ ለመጠየቅ አፈርኩ።

በማግስቱ ተመልሼ ቀጠልኩ። ለዚህ መጽሔት የሚስማማውን ታሪክ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የሮቢንሰን የቱስኬጊ ክፍል ተማሪዎች ከተመረቁ አሥር ዓመት ሞላቸው፤ የመገናኛ በዓልም ተጠራ፤ ልክ እንደ እኛ። ሮቢንሰን በዓሉን ምክንያት አድርጎ በአውሮፕላን ሊሄድ ቆረጠ። ዓላማው ጉራ መንዛት አልነበረም። የተማረበት ተቋም የአቪዬሽን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ሊጠይቅ ነው። ከኮፊና ግሮቨር ናሽ ከተባለ ሌላ አብራሪ ጋር በሁለት አውሮፕላን ከቺካጎ ተነሱ። አላባማ ግዛት ዲኬተር ከተማ ሲደርሱ አንደኛው አውሮፕላን ሲነሳ ተጋጭቶ ተሰባበረ። የቀረችው የናሽ ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ሦስቱ ተማከሩና ሮቢንሰን እንዲሄድ ወሰኑ። ሁለቱ ቀሩ፤ እሱ የጓደኛውን አውሮፕላን ይዞ በዓሉ ላይ ደረሰ።

አስቡት። የክፍል ጓደኞቹ እንደ እኛው ማን አገባ፣ ማን ሀብታም ሆነ እየተባባሉ ሲጠያየቁ፣ አንዱ ከሰማይ ወርዶ መጣ። ጥያቄውንም አቀረበ። ተቋሙ በጊዜው ገንዘብ አልነበረውም፤ ጥያቄው ወዲያው አልተፈጸመም። ቱስኬጊ የበረራ ሥልጠና የጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የቱስኬጊ ጥቁር የጦር አብራሪዎች የወጡት ከዚያ ነው። ሮቢንሰን ያኔ ስሙ በሌላ አገር ተጠርቶ ነበር።

ያ ሌላ አገር የእኛው ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነት ተማሩ፤ ከጦርነቱ በፊትም ሙሉእመቤት እምሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት አብራሪ ሆነች። የጣሊያን ወረራ እየቀረበ ሲመጣ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ይማሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ በያን ኢትዮጵያን የሚረዱ ባለሙያዎች ያፈላልጉ ነበር። የሮቢንሰን ስም ደረሳቸው። እሱም ጥሪውን ተቀብሎ በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር ገደማ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንዲመራ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሾሙት።

የተሰጠው አየር ኃይል ሁለት ደርዘን እንኳን የማይሞሉ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ፖቴዝ፣ ፎከር፣ ፋርማን፣ ዩንከርስ፤ አብዛኞቹ መሣሪያ የሌላቸው፣ መለዋወጫቸውም ያልተሟላ። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሯት። ሌላም ነገር ነበር። ቺካጎ ከባሕር ወለል በላይ 180 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ። በእኛ ደጋ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፣ ክንፉም እንደዚያው። የፍጥነት መለኪያው የለመዱትን ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሮጠው ግን ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው። ለመነሳትም ለማረፍም ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል። ሯጮቻችንን ያጠነከረው ይኸው የአሰላና የቦቆጂ ስስ አየር አውሮፕላንን ያደክማል። እንግዲህ ሮቢንሰን የመጣው ስመ ጥር አብራሪ ሆኖ ነው፤ አራቱን እንቅስቃሴዎች ግን በእኛ አየር ውስጥ እንደገና መማር ነበረበት። ይህን አለማድረግ የሚያስከፍለው ሕይወት ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋን በቦምብ ስትደበድብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት መልእክት፣ ሰውና መድኃኒት እየጫነ በአዲስ አበባና በሰሜን ጦር ግንባር መካከል ተመላለሰ። መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ከጣሊያን ተዋጊዎች የሚያመልጠው በተራሮች መካከል ዝቅ ብሎ፣ ደመና ውስጥ ገብቶ ነው። ያኔ ያዳነው የተለየ ተአምር አልነበረም፤ መዞር፣ መውጣት፣ መውረድ ነው፤ በትክክለኛው ጊዜ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ከአገር ወጣ። ቺካጎ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቀበለው።

ብዙ ሰው ቢሆን እዚያው በክብሩ ይኖር ነበር። እሱ ግን እንደገና ማስተማሩን ያዘ፤ ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአሜሪካ አየር ኃይል መካኒኮችን አሠለጠነ። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ መጣ። በጦርነቱ የጠፋውን አየር ኃይል እንደገና ለማቆም ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ሰብስቦ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ቀጥ ብሎ መብረር፣ መውጣት፣ መውረድ፣ መዞር።

መጨረሻው ሁሉ ያማረ አልነበረም። የአየር ኃይሉ ሥልጠና ወደ ስዊድናውያን ሲተላለፍ፣ ሮቢንሰን ከአዛዡ ከካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ጋር ተጋጭቶ ከአየር ኃይሉ ወጣ። እኛ አሰላዎች ስዊድኖችን የምናውቃቸው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በካዱ የግብርና ሥራቸው ነው፤ ክፉ ትዝታ የለንም። ቮን ሮዘንም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ያገለገለ፣ ኋላም ለኢትዮጵያ ሕይወቱን የሰጠ ሰው ነው። ሁለት ጥሩ ሰዎችም ይጋጫሉ። ሮቢንሰን ግን ተቀይሞ ወደ አገሩ አልሄደም፤ እዚሁ ቀረ።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ተከሰከሰች። አብሮት የነበረው ሰው ሞተ፤ እሱም ክፉኛ ቆስሎ መጋቢት 18 ቀን አረፈ። በአዲስ አበባ ጉለሌ ተቀበረ። ዕድሜው በሃምሳ አካባቢ ነበር።

ወደ አሰላ ስመለስ አባቴ ኮምባይነር ሥር አልነበረም፤ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ለእሱም ዓይኔ ነው አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ዘንድሮ፣ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመላኬ በፊት፣ ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ያልገባኝ ነገር ምን እንደነበረ ጠየቀኝ። በእጄ ክንፍ ሠርቼ አሳየሁት። ጥቂት አሰበና፣ የማጨጃው ጥርስ በጭድ ሲታነቅ ኃይል መጨመር እንደሚሰብረው፣ መጀመሪያ ጫናውን ማላላት እንደሚያስፈልግ አስታወሰኝ። ልክ ነው። ስቶል ማለት ያ ነው። መልሱ ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቤ ነበር። ብጠይቅ ኖሮ አሠልጣኜም በቀላሉ ያገኝልኝ ነበር።

አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁላችንም የምናውቀው አንድ ልማድ አለን፤ መምህሩ ገባችሁ ወይ ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ አዎ ይላል፣ ሰሌዳው ይጠፋል። እኔ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ትቻለሁ። ጠመኔውን ለተማሪው እሰጥና እንዲያስረዳኝ አደርጋለሁ። ሲሳሳት እኔ በ11 ሰዓት በረራ ሦስት ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ መጠየቅ ይጀምራሉ። የበረራ ትምህርቱን እንደገና ለማመልከት ወረቀቴን አዘጋጅቻለሁ፤ ዕድሜዬ ገና አላለፈም። ቢቀበሉኝም ባይቀበሉኝም በሚቀጥለው በዓል እውነቱን እነግራችኋለሁ።

ሮቢንሰን ወደ መገናኛ በዓሉ ጥያቄ ይዞ ሄደ። እኔም አንድ ይዣለሁ፤ ለግቢያችን መምህራንም ለእኛ ለቀድሞ ተማሪዎችም። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቤተ ሙከራ ክፍት ይሁን፤ ያልተመዘገበ ሰው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጽዳት የምትሠራው እህት፣ የጋሪ ነጂው ልጅ ገብቶ የሚሰማበትና የሚጠይቅበት። ወጪው ብዙ አይደለም፤ የመብራትና የአንድ ሰው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቅዳሜዎች እኔ እይዛለሁ። ካርቶንና ሙጫ አመጣለሁ፤ ክንፍ እንሠራለን፤ ከግቢው ዳገት ላይ እንለቀዋለን። ስሱ አየራችን እንደሚያስቸግረን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በዓሉ ላይ ያገናኘን። የዓይን ሐኪም የጠቆማችሁኝ ጓደኞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሻዩ በእኔ ነው።